ትንሽ ሽጉጥ ትንሽ ኃላፊነት አይደለም



በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በፋብሪካ በሮች ላይ በጥበቃ የሚሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። መንግሥት ከጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል መሣሪያ ፈቃድ ስላሰፋ፣ «ኪስ የምትገባ፣ የማትከሽፍ ሽጉጥ የቷ ናት?» የሚል ጥያቄ በዝቷል።

ትንሿ ሽጉጥ ከትልቋ ይልቅ አመለኛ ናት። ሞላዋ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። የኪስ ብናኝ ይገባባታል። እጀታዋም አጭር ነው፤ በደንብ ካልተያዘች ቀለሁን ሳትተፋ ትቀራለች። ሳትወለወልና ሳትሞከር ወራት የከረመች ሽጉጥ በክፉ ቀን ትከዳለች።

በክፉ ቀን የምትከዳው ይህችው ሽጉጥ ግን ጎርሳ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠች በሕፃን እጅ ትተኩሳለች፤ በባልና ሚስት ጠብም ትተኩሳለች። በጥበቃ ሠራተኞች መሣሪያ ሴቶች በቤታቸው ተገድለዋል። የሴቶች ድርጅቶች ከታገሉ በኋላ የሕዝብ ደኅንነት ሚኒስቴር በ2013 እ.ኤ.አ. መሣሪያው በሥራ ቦታ እንዲቀር አዘዘ። ያ ሽጉጥ ዛሬ በግል ፈቃድ ስም ወደ ቤታችን ሲመለስ ዝም ልንል ነው?

አባወራዎች ሆይ፣ ካዝና የሌለው ቤት ሽጉጥ አያስገባ። ጭቅጭቅ ያለበት ቤትማ ጨርሶ አያስብ፤ አስቀድሞ ሽማግሌ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ያማክር።