ትንሿ መኪና፣ የአምባሰል ዳገትና የሻጩ «ኪት»

በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ባላት አዲስ መኪና ላይ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ባላት ላይ 60 በመቶ ጥሎ ነበር። ሰው ወደ ትንሿ ሞተር ቢሮጥ አይፈረድበትም። ታክሱ ግን የተሰላው በሲሲ እንጂ በዳገት አይደለም።

ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። አምስት ሰው ይዛ አምባሰል ዳገት ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። ሻጩ ታዲያ «ጉልበት የሚጨምር ኪት እንግጠምልህ» ይላል። የሚገጥመው ቺፕ ወይም የአየር ማጣሪያ ብቻ ከሆነ ብዙ አንጠብቅ፤ የጎደለውን አየር አያመጣም። አየር ገፍቶ የሚያስገባው ቱርቦ ነው። እሱም ሙቀትና የሞተር ጫና ይዞ ይመጣል፤ ፍሬኑስ ይችለዋል ወይ? ዳገት የወጣ ይወርዳልና።

እኛ የምንለው፣ ኪቱን የገጠመ ሻጭ የሞተሩን ዋስትና በጽሑፍ ይስጥ። ባለቤቱም በኋላ ሲሸጣት የተገጠመውን ለገዢው ይንገር፤ ዐይብን ደብቆ መሸጥ በሸሪዓችን እንደማይፈቀድ የታወቀ ነው። መንግሥት በ2016 ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ፣ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ እጅ ይዞራሉ።