የገንዲ በሬና የሕመምተኛ ጕልበት

ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ሸለቆ፣ ከቡሬም ወደ ዐባይ ቆላ ወርዶ ገንዲ የያዘውን በሬ ያየ ሰው ነገሩን አይረሳውም። ሣር ሳይጐድልበት የጐድን አጥንቱ ይቈጠራል፤ ታፋው ይመነምናል፤ ቢጠምዱትም በትልሙ መካከል ይንበረከካል። ባለቤቱም «ሥጋውን ምን በላው?» ይላል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ የታወቁ ሊቃውንትም ደክመውበታልና።

ገንዲን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የተባለ በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው። ይኸውም በፄፄ ዝንብ ንክሻ፣ አንደኛው ዓይነት ደግሞ በሌሎች ደም መጣጭ ዝንቦች ጭምር ወደ ከብቱ ደም ይገባል። ሥጋውን ተሐዋሲው በላው ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን በኒውዮርክ በሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ አንቶኒ ሴራሚና ካሮል ሩዘር ይህንኑ ዓይነት ሕመም በጥንቸሎች ላይ መርምረው፣ በ1980 በአውሮፓ አቈጣጠር ያገኙትን ገለጡ። በጥንቸሎቹ ደም የነበረው ተሐዋሲ ጥቂት ሲሆን ክሳታቸው ግን ብርቱ ነበር፤ ደማቸውም ሰውነት ሊጠቀምበት ያልቻለ ስብ ሞልቶበት ነበር። በ1985 ብሩስ ቦይትለርና ሴራሚ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣ አንድ ንጥረ ነገር ለይተው ካኬክቲን አሉት። ከዚያ ወዲህ እርሱን የሚያግዙ ሌሎች መልእክተኞችም እንዳሉ ታውቋል።

እንግዲህ የሰውነት የገዛ ሠራዊት ጠላትን ሊወጋ ሲነሣ ስንቁን ከባላገሩ ይወስዳል ማለት ነው፤ የቀድሞ ዘመቻ ባለፈበት አገር የኖረ ሰው ምሳሌውን ያውቀዋል። ባላገሩ ጡንቻ ነው። በትኵሳት ጊዜ ጡንቻው ይፈርስና በደም ተጭኖ ወደ ጉበት ይሄዳል፤ ጉበትም ከዚያ ስኳርንና ለመከላከያ የሚሆነውን ንጥረ ነገር ይሠራል። የምግብ ፍላጎትም በዚያው ጊዜ ይዘጋልና የተወሰደው አይተካም።

በጐጃም በሬዎች ላይ በብዛት የሚገኘው የገንዲ ተሐዋሲ ሰውን አያሳምምም። ነገር ግን በወባና በሳንባ ነቀርሳ የሰው ሥጋ የሚያልቀው በዚሁ መንገድ ነው። ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ አጨዳውም በዚያው ይደርሳል። ትኵሳቱ በመድኃኒት የለቀቀው ጐልማሳ «ዳነ» ይባልና ማጭድ ይሰጠዋል። ደሙ ቢጠራም ጡንቻው ገና አልተመለሰም፤ ይህም በቤተ ሰብ ዘንድ ስንፍና እየተባለ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ስለዚህ የቤት እመቤት ለትኵሳተኛው አስቀድማ ሐኪም እንዲያየው ታድርግ። ከባድ ማዕድ አቅርባ ከማስጨነቅ ይልቅ አጥሚት፣ ወተት፣ የምስር ሾርባ፣ እንቍላል ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ትስጠው። ትኵሳቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አታስተኛው፤ መተኛት ብቻውን ጡንቻን ያመነምናልና። አንድ ቀን እስከ ደጃፍ፣ ሌላ ቀን እስከ አጥር ይራመድ። ወደ አጨዳው የሚመለሰው ሳይደገፍ ከመደብ ተነሥቶ ውሃ የሞላ እንስራ ማንሣት ሲችል ይሁን፤ እስከዚያው ነዶውን ሌሎች ይሰብስቡለት።