የማታ ተማሪ የማን ተማሪ ነው?

ከመምህራን ክበብ ጀምሮ እስከ እኛ መኝታ ቤት ድረስ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ፤ «የዲግሪን ዋጋ ያረከሰው የማታ ትምህርት ነው» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም። ከፊሎቹ የምናከብራቸው መምህራኖቻችን፣ ከፊሎቹም አብረውን የሚበሉ ጓደኞቻችን ናቸው። ነገር ግን አነጋገሩ ሳይመረመር ካፍ ወዳፍ ሲተላለፍ ከርሞ አሁን እንደ ሕግ ሊቈጠር ስለ ደረሰ፣ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም።

ለመሆኑ የማታ ተማሪ የምንለው ማንን ነው? ቀኑን ሙሉ ሕፃናት ሲያስተምር ውሎ ጠመኔው ከእጁ ሳይራገፍ የሚመጣ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው። ተራዋን ከጓደኛዋ ጋር ተለዋውጣ የምትመጣ ነርስ ናት። የባንክ ሠራተኛ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ፣ ልጇን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ የምትወጣ እናት ናት። ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡናል፤ «ጋሼ» ብለን የምንጠራቸውም አሉ። እነዚህ ሰዎች ትምህርትን የሚፈልጉት ለጌጥ ነው የሚል ካለ፣ በዝናብ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ይዘው ሲቆሙ ሄዶ ይያቸው።

አሁን ወደ ክሱ እንመለስ። ከ2015 ዓ/ም ጀምሮ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ የሚያጠናቅቅ ሁሉ፣ የመንግሥት ተቋም ተማሪም ይሁን የግል፣ የቀንም ይሁን የማታ፣ ለመውጫ ፈተና መቀመጥ ግዴታው ሆኗል። ማለፊያው ለሁሉም 50 ከመቶ ነው፤ ለማታ ተማሪ ተብሎ የተቀነሰ ነጥብ የለም። እንግዲህ እህሉ ሁሉ በአንድ ሚዛን ከተመዘነ በኋላ፣ «ይህኛው በሌሊት የተወቃ ነው» ብሎ ዋጋ መቀነስ ምን ዓይነት ንግድ ነው? ሚዛኑን የማያምን ሚዛኑን ይክሰስ እንጂ በገበሬው ላይ አይፍረድ።

«ቢሆንም ሲገቡ ደካሞች ናቸው» ይሉናል። ደካማ አለ፤ አንክድም። በቀኑስ የለም ወይ? በ2015 ዓ/ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.2 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩትም ብዙዎች በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ ሬሜዲያል በምንለው በኩል፣ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አግኝተዋል። መልካም ተደረገ። ታዲያ ዕድል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲሰጥ ርኅራኄ፣ ለሠላሳ አምስት ዓመት ሰው ሲሰጥ ርካሽነት የሚሆንበትን ምክንያት የሚያስረዳን ሰው እንሻለን።

ድክመቱን ማን እንደሚጨምረው ደግሞ እንናገር። እዚህ እኛ ዘንድ የማታው ትምህርት የሚጀመረው 11 ሰዓት ተኩል ነው፤ የሬጅስትራር ቢሮ የሚዘጋው 11 ሰዓት ነው። ግሬዱ የጠፋበት ሰው ግሬዱን ለመጠየቅ ከሥራው ፈቃድ መውሰድ አለበት፤ «ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባለ ሁለተኛ ፈቃድ፣ ከዚያም ሦስተኛ። ቤተ መጻሕፍቱ በምሽት ክፍት ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ የማታው ተማሪ ክፍል ውስጥ በተቀመጠበት ሰዓት ክፍት ነው! ሦስት ሰዓት የተባለው ትምህርት ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል፤ መምህሩ ቀን ሲያስተምር ውሎ መጥቷልና ደክሞታል። በመምህሩ ድካም አንፈርድም። ግማሽ ትምህርት ሸጦ ሙሉ ዋጋ የሚቀበል አስተዳደር ግን ስለ ጥራት ሊሰብከን አይገባውም።

ዋጋን ካነሣን ዘንድ፣ እኛ የቀኖቹ ከ1996 ዓ/ም ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ፈርመን እንገባለን፤ ድርሻችንን የምንከፍለው ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ነው። የማታው ተማሪ በየክሬዲቱ ተቈጥሮ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ስሙ በመምህሩ ዝርዝር ላይ አይገኝም። ከደመወዙ የሚቈረጠው ግብር እኛን ያስተምራል፤ በተረፈው ደግሞ ራሱን ያስተምራል። ሁለት ጊዜ የከፈለን ሰው ግማሽ ተማሪ ብሎ መጥራት ድፍረት ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ/ም ማስተማር ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለሠራተኞች የማታ ትምህርት ከፍቷል። መምህራን በክረምት እየተማሩ ዲግሪ መያዝ ከጀመሩም ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የጊዜ ሠሌዳ ከተፈለገ እንደሚታጠፍ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። በውጭም እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1969 በእንግሊዝ አገር የተቋቋመው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ፣ በ1971 ማስተማር ሲጀምር የሁለተኛ ደረጃ የምስክር ወረቀት አምጡ ሳይል ሠራተኛውንና የቤት እመቤቷን ተቀብሎ ነው። ኔልሰን ማንዴላ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የጨረሱት በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በተልእኮ ትምህርት ነው፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ሲያገኙ ገና እስረኛ ነበሩ። በዚያ ዲግሪ ዋጋው ረከሰ ያለ ሰው አልሰማንም።

እኛ ዘንድ ግን ችግር በታየ ቍጥር ቀድሞ የሚታሰበው በር መዝጋት ነው። በ2002 ዓ/ም መጨረሻ የርቀት ትምህርት በአንድ መመሪያ ታግዶ ነበር፤ በኋላ እገዳው ተነሣ። የተበላሸ ነገር አልነበረም አንልም። በዚያ መካከል ግን መጽሐፉን ይዞ በየገጠሩ የቀረው መምህር ምን ጥፋት ነበረበት?

እንደ እኛ አስተያየት የነገሩ ሥር ሰዓት ነው። ዩኒቨርሲቲው የተሠራው ላላገባ፣ ላልወለደ፣ የሚጦረው ሰው ለሌለው ተማሪ ነው፤ ማለትም ለእኛ። ሌላው ሰው ሲመጣ የቀኑ ደንብ እንዳለ ወደ ማታ ተገለበጠለት እንጂ ደንብ አልተሠራለትም። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ሦስት ዓመት ተምሮ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወር፣ ያለፋቸው ኮርሶች አብረውት አይዛወሩም። አንዲት እናት ወልዳ ሁለት ሴሚስተር ብትቀር፣ ስትመለስ «ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል» ትባላለች። የተመዝጋቢው ቍጥር አንሷል ተብሎ የማታው ኮርስ ይሰረዛል፤ ያው ኮርስ ጧት ባዶ ወንበር እያለ ይሰጣል፤ የማታው ተማሪ ፈቃድ አግኝቶ ጧት ልግባ ቢል ግን «አንተ የማታ ነህ» ይባላል። በዚህ ሁኔታ የጀመሩት ሁሉ አለመጨረሳቸው ሊያስገርመን ነው?

የምንጠይቀው አዲስ ሕንፃ አይደለም። ያለፈ ኮርስ ያለፈ ሆኖ ይቆይ፤ ተማሪው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቢዛወርም ይታሰብለት። በሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ መውሰድ የሚችል፣ አንድ ይውሰድ፤ አሥር ዓመት ቢፈጅበትም ዕዳው የራሱ ነው። ከማታ ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ማታ መሻገር ይፈቀድ፤ ይህ ለእኛም ይጠቅማል፤ ከመካከላችን ቤተሰቡን ለመርዳት ቀን መሥራት የሚገባው እያለ አቋርጦ የሚወጣ አለና። ሬጅስትራሩም በሳምንት ሁለት ቀን እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይክፈት። አንድ የተከበሩ መምህር «የዛሬ አሥር ዓመት የተማሩት ኮምፒዩተር ዛሬ ምን ያደርጋል?» ብለውናል። ልክ ናቸው፤ እንግዲያው በዚያ በአንዱ ኮርስ እንደገና ይፈተኑ እንጂ ታሪክና ሒሳባቸው ለምን አብሮ ይሰረዛል?

ወደ ራሳችን ቤት ስንመጣ፣ የማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ «አባል» የሚለው የቀን ተማሪን ብቻ ነው። «መደበኛ» የምትለው ቃል እንድትወጣ ረቂቅ አዘጋጅተን ለጠቅላላ ጉባኤው አቅርበናል። ጉባኤው ግን የተጠራው ረቡዕ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ነው፤ ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎች በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናቸው። ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው ስብሰባውን ወደ እሑድ ጧት እንዲያዛውረው በዚህ ጽሑፍ እንጠይቃለን። የማታ ክፍሎች ተጠሪዎች እንደሚመጡ ነግረውናል።