ከንቲባ የሌለው ሰፈርና ወኪሉ

በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት፣ የሲያትልን ከተማና በዙሪያዋ ያሉትን ታናናሽ ከተሞች በሚያጠቃልለው በኪንግ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2025 መገባደጃ በተደረገው ምርጫ አቶ ግርማይ ዛሂላይ ተፎካካሪያቸውን ወይዘሮ ክላውዲያ ባልዱቺን አሸንፈው የካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ ለመሆን በበቁ ጊዜ፣ በባሕር ማዶም ሆነ በአገር ቤት ያለው ብዙ ወገናችን ዜናውን በደስታ ተቀብሎታል። ደስታውም ርቱዕ ነው፤ ከአገራቸው ተሰደው ሱዳን ከገቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደ፣ ገና ሕፃን ሳለ ወደ አሜሪካ የተሻገረ ልጅ፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበትን ግዛት እንዲያስተዳድር በዚያው ሕዝብ ድምፅ ሲሾም አይቶ የማይደሰት ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላምንም። ነገር ግን ደስታችን በትውልድ ሐረግ ላይ ብቻ እንዳይቆም፣ እኒህ ሰው ለዚህ ሹመት ከመብቃታቸው አስቀድሞ ስድስት ዓመት ያህል በምክር ቤት ወንበር ተቀምጠው ስለ ምን እንደ ደከሙ፣ ለማን እንደ ቆሙና በየትኛው ሥራቸው ሊመሰገኑ ወይም ሊጠየቁ እንደሚገባ ልናውቅ ይገባናል፤ የሕዝብ ወኪል በእውነት የሚከበረው ሥራው ሲመረመር ነውና።

ለነገሩ መግቢያ ይሆን ዘንድ ስለ ካውንቲው ምክር ቤት ጥቂት ላውሳ። ምክር ቤቱ ዘጠኝ አባላት አሉት፤ እያንዳንዱ አባል የሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ወኪል ነው፤ ሥራውም አውቶቡሱን፣ የሕዝብ ጤና ጥበቃውን፣ ወህኒ ቤቱን፣ የፍሳሽ ማጣሪያውንና ይህን የመሰለውን፣ ጋዜጦች አዘውትረው የማያነሡትን፣ ሰው ግን ከማለዳ እስከ ማታ የሚኖርበትን ጉዳይ ሁሉ ይመለከታል። አብዛኛው የካውንቲው ነዋሪ ከዚህ ምክር ቤት ሌላ የራሱ ከተማ፣ የራሱ ከንቲባና የራሱ የከተማ ምክር ቤት አለው። ስካይዌይ የተባለው ሰፈር ግን ከነዚህ አንዱም የለውም። በሲያትልና በሬንተን ከተሞች መካከል ባለው ኮረብታ ላይ የተቀመጠው፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከእስያና ከአፍሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦችም የሚኖሩበት፣ የሕዝቡ ብዛት ወደ 17 ሺህ የሚደርሰው ይህ ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሬንተን ከተማ ይጠቃለል እንደ ሆነ በድምፅ ተጠይቆ አልፈልግም ብሏል፤ እንዲህም ሆኖ የማንም ከተማ አካል ሳይሆን ቀረ። መንገዱ ቢፈርስ፣ የእግረኛ መሄጃ ቢጠፋ፣ ሌባ ቢበዛ፣ ነዋሪው አቤት የሚለው ወደ ካውንቲው ብቻ ስለ ሆነ፣ ስካይዌይ ያለበት የሁለተኛው የምርጫ ቀጠና ተወካይ ለሰፈሩ ሰው ከንቲባም፣ የከተማ ምክር ቤትም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አቶ ግርማይ ከጥር 2020 ጀምሮ የያዙት ወንበር ይኸው ነበር።

ሰውየው ያደጉት በደቡብ ሲያትል፣ ሬኒየር ቪስታና ኒውሆሊ በሚባሉት፣ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች በመንግሥት በተሠሩ ቤቶች ነው፤ ያሳደጓቸውም በሕሙማን አስታማሚነት እየሠሩ ሌሊቱን ከቀን ያገናኙ የነበሩት እናታቸው ናቸው። በፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥሎም በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ዕውቀታቸውን አሳድገው በጥብቅና ሥራ ተሠማርተዋል፤ ለታዳጊ ተማሪዎች አርአያና መካሪ የሚያቀርብ ማኅበርም መሥርተዋል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ታሪክ ቢሆንም በስደተኛ ልጆች መካከል ብርቅ አይደለም፤ ስንቱ የወገን ልጅ ከዚያው ሠፈር ወጥቶ፣ ከዚያው ዓይነት ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፣ በደኅና ደመወዝ ሲኖር እናውቃለን። ብርቁ ነገር ወዳደጉበት ኑሮ ዞረው ያንኑ ሠፈር ልወክል ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገርለት የምወደው ነገር አለ፤ እርሱም ለምክር ቤቱ ወንበር ሲወዳደሩ ያሸነፉት ሰው ማን እንደ ነበሩ ነው። ሚስተር ላሪ ጎሴት ከ1994 ጀምሮ ያንን ወንበር የያዙ፣ በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ውስጥ ስማቸው በክብር የሚጠራ ሽማግሌ ናቸው። እርሳቸውም የዚያው የፍራንክሊን ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1968 ሁለት ጥቁር ልጃገረዶች ጠጉራቸውን በተፈጥሮው አጎፍረው ስለ መጡ ከፍራንክሊን ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ በተደረገ ጊዜ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጥቁር ተማሪዎች ኅብረትን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት ወጣቱ ጎሴት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው በርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጠው ተቃወሙ፤ ስለዚህም ተይዘው ታሰሩ። የታሰሩበት ወህኒ በካውንቲው የፍርድ ቤት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ የነበረ ሲሆን፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያው ሕንፃ ውስጥ በሕግ አውጪነት ተቀምጠው ሠርተዋል። ካውንቲው እ.ኤ.አ. በ1852 ሲሰየም ስሙን ያገኘው ባሪያ አሳዳሪ ከነበሩት፣ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ከተመረጡት ከዊልያም ሩፎስ ኪንግ ነበር፤ በኋላ ግን ምክር ቤቱ በ1986 ስሙ የዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ እንዲሆን ወሰነ፤ ሚስተር ጎሴትም ደክመው በካውንቲው አርማ ላይ የነበረው ዘውድ ተነሥቶ በምትኩ የዶክተር ኪንግ መልክ እንዲቀረጽበት ካደረጉት ዋነኛው ናቸው።

እንዲህ ያለውን ባለውለታ አንድ ወጣት ጠበቃ ተነሥቶ ወንበርዎን ልውሰድ ሲላቸው፣ በእኛ ዘንድ ቢሆን ነገሩ እንደ ድፍረት፣ ምናልባትም እንደ ውለታ ቢስነት በተቈጠረ ነበር። እኔ ግን በ2019 በሲያትል የሆነው ነገር ከዚህ የተለየ ትምህርት አለው ባይ ነኝ። ሹመት ርስት አይደለም፤ በሕዝብ ፈቃድ የተሰጠ አደራ ነው፤ አደራውም በየአራት ዓመቱ ይታደሳል ወይም ለሌላ ይተላለፋል፤ ታናሹ ታላቁን የሚያከብረው ዝም ብሎ ጊዜውን በመጠበቅ ብቻ አይደለም፣ ታላቁ ያቆመውን መሠረት አውቆ ሥራውን ከዚያ በማንሣትም ነው። አቶ ግርማይ ሽማግሌውን ሳያቃልሉ በግልጽ ተከራክረው አሸነፉ። የፖለቲካ ክርክር በእኛ አገር ስንት ጊዜ ወደ ስድብና ወደ ደም እንደ ተለወጠ ለሚያስታውስ ሰው፣ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች በሆኑ በሁለት ትውልድ ሰዎች መካከል የተደረገው ይህ ርክክብ ከምርጫው ውጤት ይልቅ የሚደነቅ ነው።

ወደ ሥራቸው ልለፍ። ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው፣ በእርሳቸው አቅራቢነት ምክር ቤቱ በግንቦት 2024 ያጸደቀው የደመወዝ ሕግ ይመስለኛል። በዚያን ጊዜ በቱክዊላ ከተማ በታላቅ ድርጅት የሚሠራ ሰው ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዙ 20 ዶላር ከ29 ሳንቲም፣ በሲያትል 19 ዶላር ከ97 ሳንቲም ሲሆን፣ በመካከላቸው ባለው በስካይዌይ ያለው ሠራተኛ፣ ሰፈሩ ከተማ ስላልሆነ ብቻ፣ የሚከፈለው ክፍለ ግዛቱ ያወጣው 16 ዶላር ከ28 ሳንቲም ነበር። ኪራዩ ያው ነው፤ ዳቦው ያው ነው፤ አውቶቡሱም ያው ነው፤ ድንበሩን የሚያውቀው ካርታው ብቻ ነው። አዲሱ ሕግ ከጥር 2025 ጀምሮ ታላላቅ ድርጅቶች 20 ዶላር ከ29 ሳንቲም እንዲከፍሉ አዘዘ፤ ለታናናሾቹ ግን ደረጃ አበጀላቸው፤ ከ15 የማይበልጥ ሠራተኛና በዓመት ከ2 ሚሊዮን ዶላር በታች ገቢ ያለው ነጋዴ በ17 ዶላር ከ29 ሳንቲም ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ታላላቆቹ ልክ እንዲደርስ ፈቀደለት።

ይህ ሕግ በወገናችን መካከል የተለያየ ስሜት መፍጠሩ የማይቀር ነው፤ በደቡብ ሲያትልና በአካባቢው የእንጀራ ቤት ከፍቶ፣ ከባለቤቱና ከሁለት ከሦስት ሠራተኞች ጋር የሚታገለው ሰውም የእኛው ነው፤ በእርሱ ወጥ ቤት ቆማ በሰዓት የምትከፈለውም ሴት የእኛው ናት። የነጋዴውን ጭንቀት የሚንቅ ሰው ፍትሐዊ አይደለም፤ የሠራተኛዋን ኪራይ የሚረሳም እንዲሁ ፍትሐዊ አይደለም። የእኔ አስተያየት እንደሚከተለው ነው፤ ሕጉ በመሠረቱ ርትዕ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ መንገድ ወዲህና ወዲያ ለሚደረግ አንድ ዓይነት ድካም ሁለት ዓይነት ዋጋ መስጠት በምንም ሊደገፍ አይችልም፤ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን መደረጉም የአስተዋይ ሰው ሥራ ነው፤ ሆኖም የምክር ቤቱ ሥራ ሕጉን በማጽደቅ አያበቃም፣ ታናሹ ነጋዴ በእነዚያ ዓመታት ኪራዩንና ፈቃዱን እንዴት እንደሚሸከም መከታተልና ማገዝ ይኖርበታል፤ ይህን ክትትል ዛሬ ከአቶ ግርማይ ከማንም ይልቅ መጠየቅ የሚገባን እኛው ነን።

ለስካይዌይና ለመሰሎቹ ሰፈሮች በእርሳቸው ዘመን ከተደረገው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ፣ ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የካውንቲ ገንዘብ በምን ሥራ ላይ ይዋል የሚለውን ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሐሳብ አቅርበው፣ ተወያይተው በ2022 በድምፃቸው እንዲወስኑ መደረጉ ነው። ገንዘቡ ለካውንቲው በጀት ኢምንት ነው፤ ነገር ግን ለዘመናት የሚወሰንለት እንጂ የሚወስን ያልነበረ ሰው አንድ ጊዜ በራሱ ሰፈር ስላለ መናፈሻ ወይም ስለ መንገድ መብራት ወስኖ ካየ፣ ወደ ቀድሞው ዝምታ በቀላሉ አይመለስም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ ላመልክት። የካውንቲው የፖሊስ አለቃ በምርጫ መሆኑ ቀርቶ በሹመት እንዲሆን በ2020 ሕዝቡ ሲወስን ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበሩ፤ ይህ ጉዳይ ሊያከራክር ይችላል። በሚያዝያ 2023 ደግሞ ሕዝቡ በንብረቱ ላይ በሚከፈል ግብር፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እስከ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ተሰብስቦ፣ በድንገት የአእምሮ ሕመም ወይም የሱስ ቀውስ ያጋጠመው ሰው በራሱ እግር ገብቶ የሚታከምባቸው አምስት ማእከላት እንዲቋቋሙ ሲወስን፣ አቶ ግርማይ ለዚህ ጉዳይ ጽኑዕ ተሟጋች ነበሩ። ከዚያ በፊት ቀውሱ የደረሰበት ሰው መድረሻው በአብዛኛው ወይ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወይ ወህኒ ቤት ነበር። በእኛ ማኅበረሰብ የአእምሮ ሕመም ምን ያህል በቤት ውስጥ እንደሚደበቅ፣ ስንት እናትም ልጇን ፖሊስ እንዳይገድልባት ፈርታ ሌሊቱን ብቻዋን እንደምትቀመጥ ለምናውቅ፣ ይህ ግብር ከምንከፍለው ግብር ሁሉ የተቀደሰው ይመስለኛል።

ካውንቲው እስከ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድሮ ለሠራተኛው ሕዝብ ቤት ይሥራ፣ ከኪራዩም ብድሩ ይከፈል ብለው ባቀረቡት ሐሳብ ላይ ግን ልቤ ሙሉ በሙሉ አልረጋም። ዓላማው ሠናይ ነው፤ መምህሩና የአውቶቡስ ሹፌሩ በሚሠሩበት ከተማ ማደር ያልቻሉበት አገር መታወኩ አይቀርም። ነገር ግን የወለዱ ልክ ከፍ ካለ ኪራዩ ብድሩን መሸከም ይችል እንደ ሆነ፣ ካልቻለም ጉድለቱን ማን እንደሚከፍል፣ ዛሬ ዋና አስተዳዳሪ የሆኑት ሰው ለሕዝቡ በቁጥር ሊያስረዱ ግዴታ አለባቸው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የምመለሰው ወደ ራሳችን ነው። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የምርጫ ወረቀት በፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ለመሰለፍ የሚባክን ጊዜ የለም፤ እንዲህም ሆኖ የፕሬዚዳንት ምርጫ በሌለበት ዓመት የሚመርጠው ሰው ቁጥር ዝቅተኛ ነው፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ አውቶቡስና ስለ ወህኒ የሚወሰነው ግን በዚያም ዓመት ነው። ወገናችን ስለ አዲስ አበባና ስለ መቀሌ፣ ስለ ጎንደርና ስለ ጅማ እስከ እኩለ ሌሊት ሲከራከር አድሮ፣ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ፖስታ ሳይከፍት መተዉ እኔን ያሳዝነኛል። መምረጥ ብቻ ሳይሆን መመረጥም ይቻላል፤ ከጋምቤላ ተሰደው በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ለዓመታት የቆዩት አቶ ኦባላ ኦባላ በ2013 አሜሪካ ገብተው፣ በ2019 መጨረሻ ዜግነት አግኝተው፣ ዓመት ሳይሞላቸው በሚኔሶታ በምትገኘው በኦስቲን ከተማ የምክር ቤት አባል ሆነው ተመርጠዋል፤ ከዚያ አስቀድሞም በኮሌጅ ሳሉ የደከሙት ተማሪ በረኀብ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ነበር። ወደ ምክር ቤት የሚያደርሰው መንገድ ከዚህ የረዘመ አይደለም።

እንግዲህ በመጪው የምርጫ ዘመን ዕጩው፣ ወገንም ይሁን ባዕድ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ግቢ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊዱ ደጅ ቆሞ እጃችንን ሲጨብጥ፣ ስለ ሰፈራችን ሥራ እንዲህ ብለን ልንጠይቀው ይገባል፤ በስካይዌይ የእግረኛ መሄጃ መቼ ይሠራል? የታናሹን ነጋዴ ኪራይ እንዴት ታግዛለህ? የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያው በየትኛው ሰፈር ይከፈታል፣ በውስጡስ ቋንቋችንን የሚያውቅ አስታማሚ ይኖራል ወይ?