ለኢንተርቪው ለተጠራችሁ የጎፋ ልጆች

ይድረስ ለፕሮዳክት ማናጀርነት ለምትወዳደሩ ሁሉ፣

በግንቦት 2013 ዓ.ም ቴሌብር፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ ኤምፔሳ የተባሉት የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች አገራችን ውስጥ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ይህ ሙያ የብዙ ወጣት ምኞት ሆኗል። በጠያቂው ወንበር ተቀምጬ ብዙ ተወዳዳሪ ስላየሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የተሸመደደ መልስ ይዛችሁ አትግቡ።

«የምትወዱት ፕሮዳክት የቱ ነው? ምኑንስ ታሻሽላላችሁ?» መባሉ አይቀርም። አብዛኛው ሰው ስለ ኡበር ወይም ስለ ዩቲዩብ ያጠናውን ያነበንበዋል። ያንን ከእናንተ በፊት የገባውም ብሎታል።

በዚያ ፈንታ እስቲ ጎፋ ማዞሪያ አንድ ሱቅ ደጃፍ ቁሙ። ደንበኛዋ ዘይትና ዳቦ ገዝታ በስልኳ ከፈለች። መልእክቱ የሚገባው ባለሱቁ ስልክ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ መርካቶ ወርዷል። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ ስልኳን ብታሳየውም፣ በሐሰተኛ መልእክት ስለተሸወዱ ሰዎች ሰምቷልና አያምንም። ደውሎ እስኪያረጋግጥ ሰው ይሰለፋል፤ አንዱም ትቶ ይሄዳል። የማን ችግር ነው? የከፋይዋ ይመስላል፤ እኔ የልጁ ነው ባይ ነኝ። ገንዘቡን ማንቀሳቀስ ሳይችል መግባቱን ብቻ የሚያይበት መንገድ ስጡት። መሥራቱን ለማወቅ ደግሞ ከክፍያው እስከ ርክክቡ ያለውን ጊዜ ለኩ። ይህን አስተካክሎ የሚያስረዳ ሰው ሲገባ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ።

ኤምፔሳ ራሱ ኬንያ ውስጥ ሲሞከር የታሰበው ለአነስተኛ ብድር መክፈያነት ነበር። ተበዳሪዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ ይላላኩበት ጀመር። አዘጋጆቹ ይህን አስተውለው በ1999 ዓ.ም ገንዘብ መላኪያ አድርገው አወጡት። ተጠቃሚውን ማየት ማለት ይኼ ነው።

የግምት ጥያቄም ይመጣል፤ በከተማው በቀን ስንት ሰው በስልክ ይከፍላል ዓይነት። ከምታውቁት ኮንዶሚኒየም፣ ከብሎኩና ከቤቱ ብዛት ተነሥታችሁ ጮክ ብላችሁ አስሉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ፤ እንዴት እንደምታጣሩትም ጨምሩ። እንግሊዝኛው ቢያደናቅፋችሁ አትሸበሩ፣ ሐሳቡ ከተያዘ ጠያቂው ይታገሣል።

በመጨረሻ «እናንተስ ጥያቄ አላችሁ?» ሲባል ዝም አትበሉ። ቡድኑ ከተጠቃሚ ጋር ፊት ለፊት የተነጋገረው መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ሥራውን ለመቀበል ስትወስኑ መልሱ ያስፈልጋችኋል።

አክባሪያችሁ፣
ከጎፋ