ከሞተሩ በፊት ፍሬኑ፦ የነባር አሜሪካ ሠራሽ መኪኖች እድሳት

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተሠሩት «መስል ካር» የተሰኙ መኪኖች የሞተር ኃይላቸው ከፍሬናቸው አቅም የቀደመ ነበር። የ1964ቱ ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. መነሻ ሞተር 325 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ አራቱም ጎማዎቹ የሚቆሙት በታምቡር ፍሬን ነበር። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ወደ ሙቀት የሚለውጠው ኃይል 4 እጥፍ ይሆናል። ታምቡር ሙቀቱን ስለሚያምቅ ፍሬን ሲደጋገም ይደክማል፤ ለአየር የተጋለጠው ዲስክ ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ይሁን እንጂ የፊት ዲስክ መግጠም ብቻውን እድሳት ሊባል አይገባም። በነጠላ መስመር ማስተር ሲሊንደር የሚሠራ መኪና አንድ ቱቦ ቢፈነዳበት የአራቱንም ጎማዎች ፍሬን ያጣል፤ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከጃንዋሪ 1968 ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ የተከፈለ መስመርን ያስገደደው ይህን አደጋ ለመቀነስ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያደላም፣ የኋላው ግፊት ካልተመጠነ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይቆለፋሉ፤ መኪናውም ይሽከረከራል። ያረጀ አሞርዛተር በበኩሉ ጎማውን ከአስፋልቱ ስለሚያስዘልል የአዲሱን ፍሬን ጥቅም ያሳንሳል።

ለታሪካዊ ይዘት የሚቆረቆሩ ወገኖች ስጋት ከንቱ አይደለም። መልሱ ግን ሻሲውን ሳይቆርጡና ሳይበይዱ በነባሮቹ የብሎን ቀዳዳዎች መግጠም፣ የወጡትንም ዕቃዎች ማስቀመጥ ነው። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ፍሬን፣ ቀጥሎ ሞላና አሞርዛተር፣ በመጨረሻ ሞተር ሊሆን ይገባል። የወለቀ ታምቡር ነገ ሊመለስ ይችላል፤ መኪናው መቆም ባለመቻሉ የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።