የንግድ ምክር ቤቶች አደረጃጀት፦ የወረዳው ጥያቄ

አዲስ አበባ (ዜና ትንታኔ) - በ1995 ዓ.ም የወጣው የንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤቶች ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 341 ነጋዴው ከወረዳ እስከ አገር አቀፍ ደረጃ የሚደራጅበትን መዋቅር ዘርግቷል። አባልነቱን በፈቃደኝነት ላይ የመሠረተ ሲሆን፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ከተደነገገው የመደራጀት መብት ጋር የሚጣጣም ነው።

ችግሩ መዋቅሩ በሕግ ሲዘረጋ ገቢው በነጋዴው ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። በ1939 ዓ.ም የተመሠረተው የአዲስ አበባ ንግድ ምክር ቤት የንግድ ትርኢት የማዘጋጀትና በግልግል የመዳኘት አቅም ገንብቷል። በወረዳ ከተማ እህል የሚነግድ ሰው ግን ለመዋጮው የሚያገኘው ጥቅም ወዲያው አይታየውም።

ጀርመን ይህንኑ ጉዳይ እ.ኤ.አ በ1956 ባወጣችው ሕግ አባልነትን ግዴታ በማድረግ ፈትታዋለች፤ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷም በ2017 አጽንቶታል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ የ1953ቱ የጃፓን ሕግ ፈቃደኝነትን መርጧል።

ለእኛ የግዴታ መዋጮ ተጨማሪ ግብር ተደርጎ መታየቱ አይቀርም። የተሻለው መንገድ የወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ከገበያ ቦታ፣ ከፈቃድና ከግብር ጋር በተያያዙ ጉዳዮች ከመወሰናቸው በፊት ምክር ቤቱን ማማከራቸው ነው። አመራሩን መምረጥ ግን የጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን የአባላቱ ጠቅላላ ጉባኤ ሥራ ነው።